ጀልባው የታላቁ፣ ሞተሩ የታናሹ

በደሴቲቱ ላይ ወሬ የጠማው ሰው ሬዲዮ አይከፍትም ነበር፤ ልብስ ሰፊዋ ጋ ብቅ ይላል እንጂ። ቤቷ ከጀልባ ማረፊያው ሽቅብ በሚወጣው ጠባብ መንገድ ዳር ነው። የስፌት መኪናዋን መስኮቱ ስር ስላስቀመጠችው ወጪ ወራጁ እሷን ሳያይ፣ እሷም እሱን ሳታናግር አይተላለፉም። የማን ላም እንደ ወለደች፣ የማን ጓሮ ቲማቲም ተርፎት ሰው እንደሚፈልግ፣ የማዶው ሐኪም በዚህ ሳምንት ይምጣ አይምጣ፣ ሁሉም በዚያች መስኮት ገብቶ በዚያችው ይወጣል።

"መሰላል ፈልገህ ነው? ዳቦ ጋጋሪው ጋ አለ" ትላለች፣ እግሯ ከፔዳሉ ሳይነሳ። "በዚያው ይቺን ሱሪ አድርስልኝ። አካፋው ተሰብሮበታል፣ ያንተን ብታውሰው ደግሞ አይጠላም።"

መሰላል ሊጠይቅ የመጣው ሰው ሱሪ ተሸክሞ፣ አካፋ ሊያውስ ቃል ገብቶ ይሄዳል።

ፊት ለፊት "እትዬ" ይሏታል። ዞር ሲሉ ግን ስሟ "ጋዜጣ" ነው። ታውቃለች። አንዳንድ ቀን ያንገበግባታል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ "ይሁን፣ ጋዜጣ እንኳ ይነበባል። ገልጦ የሚያየው የሌለ ስንት ሰው አለ!" ብላ ለራሷ ትስቃለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው ከአንዲት ልጇ ጋር ነው። ልጅቷ የመጨረሻ ክፍል ተማሪ ናት፤ እንደ እናቷ ምላሷ አይፈታም እንጂ መጽሐፍ ከያዘች ቤቱ ቢቃጠል አትሰማም።

የልብስ ሰፊዋ ቤት በሁለት ወንድማማቾች መካከል ነበር የተሠራው። በግራዋ አናጢው፣ ታላቅየው፤ በቀኟ መካኒኩ፣ ታናሽየው። አባታቸው በሕይወት ሳለ ደሴቲቱን ከማዶ የሚያገናኘው የእሱ ጀልባ ነበር። ሽማግሌው ሲሞት ልጆቹ "ማን ይንዳው?" በሚለው ተጣሉ። ነገር ነገርን ወለደና አንድ ቀን ታናሽየው መፍቻውን ይዞ ወረደ፤ ሞተሩን ፈቶ፣ በጋሪ ጭኖ እቤቱ አስገባ። "በባዶው ጀልባህ ዋኝበት!" አለው ወንድሙን። "አንተም በሞተርህ ብረር!" አለ ታላቅየው። ከዚያች ቀን ወዲህ ቃል አልተለዋወጡም።

አናጢው ጀልባውን ጓሮው ውስጥ ገልብጦ በር አበጀለትና የዶሮ ቤት አደረገው። መካኒኩ ሞተሩን ከጉድጓዱ አጠገብ ትንሽ ቤት ሠርቶለት ተከለውና ውሃ እየሳበ ወደ መንደሩ ታንከር እንዲገፋ አደረገው። የማዶው ድርጅት በሳምንት ሁለቴ መርከብ መላክ ስለጀመረ ያንን ጀልባ የሚያስታውሰውም ጠፋ። መንደርተኛው ሊያስታርቃቸው ሞክሮ ሲሰለቸው ተወው።

መቼም ጎረቤት ናቸውና ሳይነጋገሩ መኖር አይቻላቸውም። ስለዚህ በልብስ ሰፊዋ በኩል ይነጋገራሉ።

"ለዚያ ሰውዬ ንገሪው፤ ፍየሉ ጎመኔን ጨርሳዋለች። ዳግመኛ ካየኋት ቆዳዋን ነው የሚያገኘው በዪው" ይላል ታላቅየው።

እሷ በወዲያኛው አጥር ዞራ "ጋሼ ፍየሏን ብታስራት ደስ ይላቸዋል። ገመድ ከሌለህ እኔ ጋ አለ" ትላለች። ሬቱ በእሷ አፍ ሲያልፍ ማር ባይሆንም ውሃ ይሆናል።

ሌላም ነገር ነበር። ሁለቱም አንዳንዴ፣ ሳያስቡት፣ ደግ ቃል ያመልጣቸዋል። ያኔ ደንገጥ ብለው "እንዳትነግሪው! ብትነግሪው መቼም አልምርሽም" ይሏታል። ያቺ ምንም አይቋጠርባትም የምትባል ሴት ይኼን ቋጥራ ይዛ ኖረች። ክፉውን እንድታደርስ ትላካለች፣ ደጉን እንድትደብቅ ትማላለች።

እንዲህ እንዲህ ሲል አንድ ጠዋት የመርከቡ ካፒቴን እቃ አራግፎ ሲያበቃ እንደ ወትሮው ሻይ ቤት አልገባም። ማረፊያው ላይ ቆሞ ኮፍያውን እያሻሸ፣ "ይኸ የመጨረሻዬ ነው መሰለኝ" አለ። "ተሳፋሪ አነሰ ተብሏል። መስመሩ ተዘግቷል።"

ወሬው ከካፒቴኑ ቀድሞ ዳገቱን ወጣ። ልብስ ሰፊዋ ስትሰማ እጇ ላይ የነበረው የሙሽራ ቀሚስ ነበር፤ መርፌው ጨርቁን ስቶ ጣቷን ወጋት። ያሰበችው ስለ ዱቄቱ ወይም ስለ ናፍጣው አልነበረም። በሚቀጥለው ሳምንት የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች ማዶ ተሻግረው ብሔራዊ ፈተና ይቀመጣሉ። ዓሣ አጥማጆቹ ያሏቸው ታንኳዎች ከዳርቻው ርቀው አይሄዱም፤ መሐል ላይ ያለው ወራጅ ማዕበል ስንቱን ታንኳ እንደ ቅጠል ገልብጧል። የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ድርጅቱ ጋ ደጋግሞ ደወለ። "እናየዋለን" አሉት። ቀኑ ያለፈ ፈተና አይደገምምና "እናየዋለን" ማለት "አይሆንም" ማለት እንደሆነ ሁሉም ገባው።

በዚያው ቀን ወደ ግራ ጎረቤቷ ሄደች። አናጢው ጓሮው ውስጥ ሳንቃ እየላገ ነበር።

"ጋሼ፣ ጀልባው ውሃ ይችላል?"

"እንጨቱ? ከአንቺና ከእኔ ይበልጣል። ቅጥራን ቢቀባ፣ ሁለት ሦስት ሳንቃ ቢቀየርለት..." አለና መላጊያው እጁ ላይ ቆመ። "ምን ልትዪ ነው?"

"ሞተር ቢገጠምለት ልጆቹን ያሻግራል እያልኩ ነው።"

"ሞተሩን የነቀለው እኔ ነኝ? የነቀለው ይትከለው። እደጄ መጥቶ 'ወንድም ጋሼ' ብሎ ይጠይቀኝ።"

ወደ ቀኝ ጎረቤቷ ዞረች። መካኒኩ ሞተሩ ስር ተጋድሞ እግሩ ብቻ ይታያል።

"ሰምተሃል አይደል?" አለችው።

"ሰምቻለሁ።" ድምፁ ከብረቱ ስር መጣ። "ታላቅ እሱ ነው። ታላቅ ታናሹን ይጠራል እንጂ ታናሽ እየሄደ ይለምናል? ልጄ ስትወለድ እንኳ ደጄን አልረገጠም። ይጥራኝ፣ እመጣለሁ።"

"ልጅህም እኮ ዘንድሮ ተፈታኝ ናት!"

ከሞተሩ ስር መፍቻው ሲሚንቶው ላይ ሲወድቅ ተሰማ።

ማታ እራት ላይ ልጇ መጽሐፏን ዘግታ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው። "እማዬ፣ ከእንግዲህ ለምን አጠናለሁ?" አለች፣ ሳታለቅስ። ብታለቅስ ይሻል ነበር። እናትየዋ መጽሐፉን አንስታ መልሳ ልጇ ፊት ገለጠችው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መንደሩ በሙሉ በትምህርት ቤቱ ግቢ ተሰበሰበ። ታላቅየው በበሩ በኩል፣ ታናሽየው ከሰንደቁ ዘንግ ስር፣ መካከላቸው የደሴቲቱ ሕዝብ እንደ ግድግዳ ቆሞ። ርዕሰ መምህሩ ያለውን ነገር ተናገረ። አንዱ "ታንኳዎቹን ጎን ለጎን እንሰር" አለ፤ ዓሣ አጥማጆቹ ራሳቸው ሳቁበት። ሌላው "ድርጅቱን እንክሰስ" አለ፤ "ተሻግረህ በምን?" አሉት። በመጨረሻ ከኋላ አንዲት ሴት "ጀልባ አለን እኮ! ሞተርም አለን!" ብላ ጮኸች። አናጢው የትምህርት ቤቱን ጣሪያ ያያል፣ መካኒኩ ጫማውን።

ልብስ ሰፊዋ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ደረጃው ላይ ወጣች።

"ጋዜጣ እንደምትሉኝ አውቃለሁ" አለች። አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ አቀረቀረ። "እንግዲያው ዛሬ ያልታተመውን ላንብብላችሁ።"

"አንቺ!" አለ አናጢው ከበሩ በኩል።

"ዛሬስ አልሰማዎትም ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። ባለፈው ክረምት ወንድምዎ በሳንባ ምች ሲተኛ በየጠዋቱ መስኮቴ ላይ እየመጡ 'ሳሉ እንዴት አደረ?' ሲሉኝ የነበሩት ማን ናቸው? ምሽት ምሽት እኔ ጓሮ ቆመው የእሱ ግድግዳ ላይ ጆሮዎን ደግነው ሲያዳምጡት የነበረውስ? ሾርባ ሠርተሽ ስጪው ብለው ዶሮ ያመጡልኝስ?" ወደ መካኒኩ ዞረች። "አንተ 'እግዜር ይስጥሽ' ብለህ የመረቅኸው እኔን ነው። ዶሮዋ የእሳቸው ነበረች። ከዚያው ከጀልባው ስር የወጣች!"

መካኒኩ ደንግጦ ቀና አለ።

"አንተም አትደንግጥ፤ ያንተም አለ። ጋሼ፣ ነፋሱ ጣሪያዎን የገነጠለው ጊዜ ደጅዎ ላይ ተደርድረው ያገኟቸው ቆርቆሮዎች ትዝ ይሉዎታል? 'ማን አመጣቸው?' ሲሉኝ 'እኔ ምን አውቄ' አልኩዎት። አውቅ ነበር። ከራሱ ጓዳ ጣሪያ ላይ ነቅሎ ያመጣቸው እሱ ነው። ያን ክረምት እርስዎ ደረቅ አልጋ ላይ ሲተኙ የሱ ጓዳ ሲያፈስ ከረመ።"

"ዝጎ ነው የነቀልኩት ብለኸኝ አልነበር?" አለች የመካኒኩ ሚስት፣ ድምፅዋ እስከ ማረፊያው እየተሰማ። ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ።

ልብስ ሰፊዋ ግን አልሳቀችም። "ስድባችሁን ሳመላልስ ኖርኩ፣ ፍቅራችሁን ስደብቅ ኖርኩ። በቃኝ፤ ከእንግዲህ አልላክም። የምትነጋገሩት ካላችሁ አፍ አላችሁ። ልጆቻችን ውሃው ዳር ቆመው ማዶን እያዩ ሊቀሩ ነው!"

ወረደች። ማንም አላጨበጨበም፤ ሁሉም አናጢውን ያይ ነበር። ሰውየው ከበሩ ተነስቶ መራመድ ጀመረ። ሕዝቡ ግራና ቀኝ እየተከፈለ መንገድ ሰጠው። ወንድሙ ፊት ሲደርስ ቆመ፣ እጁን የት እንደሚያደርገው ጨነቀው።

"ዶሮዎቼን የት ላድርጋቸው?" አለ።

መካኒኩ ከንፈሩን ነከሰ። "ሞተሩ ሲነሳ ቤቱ ባዶ ይሆናል... ወንድም ጋሼ። እዚያ ይግቡ።"

ያኔ ነው ግቢው የተናጋው። ሰው ተቃቀፈ፣ ልጆች ዘለሉ፣ ርዕሰ መምህሩ መነጽሩን አውልቆ በክራባቱ ይጠርግ ጀመር። ሁለቱ ወንድማማቾች ግን ተቃቅፈው መላቀቅ ከብዷቸው፣ አንዱ ያንዱን ጀርባ እንደ ከበሮ እየደበደበ ቆመው ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሥራ ነው። ሥራውም እንደዋዛ አልነበረም። ዶሮዎቹ እየተንጫጩ ተሰደዱ። ጀልባው ተቃንቶ ፀሐይ ሲያየው ጎኑ በሁለት ቦታ በስብሶ ተገኘ። ልብስ ሰፊዋ መስኮቷን ከፍታ የወጣ የወረደውን ሁሉ ትጠራለች፦ "ቅጥራን የተረፈው አለ? ወፍራም ገመድ? ባለ ሱቁ፣ አሮጌው ሸራህ ለአይጥ ከሚሆን ለእኛ ይሁን!" ዳቦ ጋጋሪው ቤቱን ሊጠግንበት ያሰበውን የደረቀ ሳንቃ አመጣ። ባለ ሱቁ ሸራውን ብቻ ሳይሆን ሲቆጥበው የነበረውን የናፍጣ በርሜል አንከባሎ አመጣ። አስተማሪዎቹ እጅጌያቸውን ሰብስበው ቅጥራን ቀቡ፤ ለብዙ ቀን ጣታቸው ጥቁር ነበር። ሞተሩ ከጉድጓዱ ሲነሳ የቧንቧው ውሃ ቆመ፤ ሴቱም ወንዱም ባልዲ ይዞ ከጉድጓዱ ሲቀዳ፣ ያጉረመረመ አንድም ሰው አልነበረም። አንዲት አሮጊት ብቻ "ወገቤ!" አለች፤ ወዲያው ደግሞ "ለልጆቹ ሲባል ይሰበር!" ብላ ባልዲዋን አነሳች።

ልብስ ሰፊዋ ሸራውን በስፌት መኪናዋ ስር አስገብታ ለተሳፋሪዎቹ የማዕበል መከላከያ ሰፋች። ሸራው ወፍራም ስለነበር መርፌው እየተሰበረ አስቸገራት፤ ልጇ ከጎኗ ሆና ሸራውን ስትገፋላት በቃሏ የምታጠናውን ታነበንብ ነበር። በዚያ መካከል ከጓሮ የጩኸት ድምፅ መጣ።

"ሞተሩ ወደ ኋላ ሲበዛ የጀልባው አፍንጫ ይነሳል!"

"ሞተር የማውቀው እኔ ነኝ!"

"ጀልባ የማውቀው እኔ ነኝ! ደንቆሮ!"

"አንተ ነህ ደንቆሮ!"

መንገደኛው ሁሉ እየሮጠ መጣ። ልብስ ሰፊዋም መቀሷን እንደያዘች ወጣች። ሁለቱ ወንድማማቾች በጀልባው ውስጥ አፍንጫ ለአፍንጫ ተፋጠው ስለ አንድ ብሎን ይጨቃጨቃሉ። ዓሣ አጥማጁ "እንገላግላቸው?" አለ።

"ንክች እንዳታደርጋቸው!" አለች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። "የስንት ዘመን ጭቅጭቅ ነው የተጠራቀመው። ራሳቸው ይጨርሱት።"

ብሎኑ በመጨረሻ በሁለቱም ምርጫ ሳይሆን በመካከል ታሰረ።

የፈተናው ቀን ገና ጎህ ሲቀድ ማረፊያው በሰው ተሞላ። ተማሪዎቹ ዩኒፎርማቸውን ተኩሰው፣ እርሳሳቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ተሳፈሩ፤ ልብስ ሰፊዋም አብራቸው ገባች። ጀልባው አዲስ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል፤ አንድ ጎኑ ቀለም አልቆበት አረንጓዴ ነበር። መካኒኩ የሞተሩን ማስነሻ አዞረ። ሞተሩ ሳለና ዝም አለ። ደግሞ አዞረ። ዝም። ከዳርቻው የነበረው ጨዋታ ሁሉ ጠፋ።

"የናፍጣ መስመሩ አየር ይዟል" አለ መካኒኩ፣ ላቡ በግንባሩ እየወረደ። "እኔ አየሩን ሳስወጣ የሚያዞር ጠንካራ ክንድ እፈልጋለሁ።"

ታላቅየው መሪውን ለቆ መጣ። ኮቱን አወለቀና ለልብስ ሰፊዋ ወረወረላት። ማስነሻውን በሁለት እጁ ጨበጠ። "ወንድሜ፣ በል ስትለኝ" አለ።

"በል!"

አዞረ። ሞተሩ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ አንድ ጊዜ ተንገራገጨ፣ ከዚያ ዱግ ዱግ ዱግ እያለ ጀልባውን ከአፍንጫው እስከ ጭራው አንቀጠቀጠው። የሕዝቡ ጩኸት ሞተሩን ዋጠው። ገመዱ ተፈታ፣ ጀልባው ከማረፊያው ተላቀቀ።

መሐል ላይ ያ የተፈራው ማዕበል ጠበቃቸው። የመጀመሪያው ጀልባውን በጎን ሲመታው የመካኒኩ ልጅ የልብስ ሰፊዋን ልጅ እጅ ጨመቀች። ውሃው በሸራው ላይ ተንሸራቶ ተመለሰ እንጂ አንድ እርሳስ አላራሰም።

"ቀንስ!" ይላል ታላቅየው ከመሪው።

"ቀነስኩ!"

"አሁን ስጠው! ስጠው!"

ሞተሩ ጮኸ፣ ጀልባው የማዕበሉን ጫፍ ወጣና እንደ ፈረስ ዘሎ ወረደ። ልብስ ሰፊዋ መካከል ላይ ተቀምጣ አፏን ዘግታ ነበር፤ ቃል የሚያደርስ አላስፈለጋቸውም። ማዕበሉን ጥለውት ሲወጡ ተማሪዎቹ መዝፈን ጀመሩ፤ ሁለቱ ወንድማማቾችም ከፊትና ከኋላ ሆነው ዘፈኑን አበላሹት።

ማዶ ሲደርሱ ከባሕሩ ዳር እስከ ፈተናው ግቢ ሮጡ። ዘበኛው ሊዘጋ በሩን እየገፋ ነበር። "ቆይ! ቆይ ወንድሜ! የደሴቲቱ ልጆች ናቸው!" ብላ ልብስ ሰፊዋ ከሩቅ ጮኸች። እንዲህ ያለ ድምፅ ዘበኛው በሕይወቱ ሰምቶ አያውቅም መሰለኝ፣ በሩን እንደ ያዘ ደርቆ ቀረ። ልጆቹ አንድ በአንድ በጎኑ አለፉ። የሷ ልጅ የመጨረሻዋ ነበረች፤ ከበሩ ውስጥ ዞር ብላ ሳቀችላት።

ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ ዳርቻው ጥቁር እስኪሆን ሰው ሞልቶበት ነበር። ጀልባው ገና ሳይጠጋ ልብስ ሰፊዋ አፍንጫው ላይ ቆማ፣ በአንድ እጇ ገመዱን ይዛ፣ እንዲህ ስትል ጮኸች፦ "ሁሉም ገብተዋል! ሁሉም ተቀምጠዋል! አንድም አልቀረ!" ዓሣ አጥማጆቹ ልብሳቸውን እንደለበሱ ውሃ ውስጥ ገብተው ጀልባውን በትከሻቸው ወደ ዳር ጎተቱት፤ እሷን ደግሞ እግሯ መሬት ሳይነካ ተሸክመው አወጧት። "ኧረ አውርዱኝ፣ ቀሚሴን!" ትላለች፣ ግን እየሳቀች ነበር።

የፈተናውን ሳምንት በሙሉ ጀልባው ተመላለሰ። ሳምንቱ ሲያልቅ ሞተሩን ወደ ጉድጓዱ መመለስ የሚል ሐሳብ አንድም ሰው አላመጣም። መንደሩ ተረባርቦ ለውሃው ትንሽ ሞተር ከማዶ አመጣ፤ ወንድማማቾቹም ጀልባውን በማክሰኞና በቅዳሜ መንዳት ቀጠሉ። ድርጅቱ ወሬውን ሰምቶ ኖሮ ከጊዜ በኋላ አንድ ሥራ አስኪያጅ በመርከብ ላከ፤ መስመሩ እንደገና ሊከፈት እንደሚችል ሊነግራቸው። ሰውየው ማረፊያው ላይ ሲደርስ ሰማያዊና አረንጓዴው ጀልባ ዱቄት እያራገፈ ነበር።

"ትንሽ ፈቀቅ በሉልን" አለ ሥራ አስኪያጁ።

"ስንጨርስ" አለ አናጢው።

"እናየዋለን" አለ መካኒኩ፣ ከዱቄቱ ጆንያ ስር። ዳር የነበረው ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። መርከቧ ማረፊያው እስኪለቀቅላት ውሃው ላይ ቆማ ዋለች፣ ተሳፋሪ ሳታገኝም ተመለሰች።

የፈተናው ውጤት የመጣው በዚያው ጀልባ ነው። የልብስ ሰፊዋ ልጅና የመካኒኩ ልጅ ማዶ ኮሌጅ ደረሳቸው። የሚሄዱበት ቀን እናትየዋ ሌሊቱን ስትሰፋው ያደረችውን ኮት አለበሰቻት፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈችላት፣ አንገትጌዋን አስተካከለች። ሞተሩ በመጀመሪያው አዟዟር ተነሳ። ሁለቱ ልጃገረዶች ከሻንጣቸው ጋር ጎን ለጎን ተቀመጡ፣ እናትየዋም ጀልባው ማዕበሉን ቀጥ ብሎ ሲሰነጥቀው እያየች፣ ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ ቆመች።